ግሉተን የሌለበት የታንክስጊቪንግ ግሬቪ እንዴት ይሠራል

ኅዳር በገባ ቁጥር አሜሪካ ከሚኖሩ ወዳጆቼ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል፤ «ለታንክስጊቪንግ ከሚመጡት እንግዶች መካከል ሴሊያክ ያለባት አለች፤ ግሬቪውን ያለ ፉርኖ ዱቄት እንዴት ላወፍረው?» የሚል ነው። ግሬቪ ማለት በታንክስጊቪንግ፣ ማለትም በአሜሪካውያኑ የምስጋና በዓል፣ ተርኪ ከተባለው ትልቅ ዶሮ መሰል ወፍ ጋር የሚቀርብ፣ ከሥጋ መረቅ የሚወፍር ሶስ ነው፤ ሴሊያክ ደግሞ፣ ከታች እንደማብራራው፣ ግሉተን የሚያስከለክል ሕመም ነው። መልሱ በስልክ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ወጥ ቤት ውስጥ እያዩ እንዲሠሩበት ከገበያው ጀምሬ እስከ ገበታው ድረስ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ። መጠኑ ከ8 እስከ 10 ለሚደርስ ሰው የሚበቃ 4 ኩባያ ያህል ግሬቪ ይወጣዋል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። ዱቄቱን በሌላ ማወፈሪያ መተካት ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነው። ግሉተን ወደ ግሬቪው የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ባልታሰበ በኩል ነው፦ ተርኪው ሆድ ውስጥ በተሞላው ዳቦ፣ መረቁ ላይ በሚጣለው የማጣፈጫ ኩብ፣ ፓስታ ሲጠለልበት በኖረው ማጥለያ፣ በመጨረሻም ገበታ ላይ ከሰሐን ወደ ሰሐን በሚዞረው ጭልፋ። ስለዚህ ከማወፈሪያው ይልቅ በእነዚህ ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ።

ስለ ግሉተን ማወቅ የሚገባዎት

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ የመከላከያ ሥርዓት የትንሹን አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ያጠቃል፤ ይህንም ለማስነሣት ጥቂት ፍርፋሪ ሊበቃ ይችላል። ማፍላትም ሆነ መጥበስ ግሉተንን አያጠፋውም፤ አንዴ የገባበትን ግሬቪም አጥልሎ ማዳን አይቻልም። እንግዳዎ ግሉተን የማይበሉት በሴሊያክ ምክንያት መሆኑን ወይም ስለማይስማማቸው ብቻ መሆኑን አስቀድመው ይጠይቁ፤ መልሱን ካላገኙ ሴሊያክ እንደሆነ ቆጥረው ይሥሩ።

ጤፍ፣ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ድንችና ሽምብራ በተፈጥሯቸው ግሉተን የላቸውም። ይሁን እንጂ አሜሪካ ውስጥ በየሱቁና በየምግብ ቤቱ የሚቀርበው እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ፣ ገብስ ወይም ሰልፍ ራይዚንግ የተባለው የስንዴ ዱቄት ይቀላቀልበታል፤ ስለዚህ የጋገረውን ሰው ሳይጠይቁ «እንጀራ ስለሆነ ምንም አይልም» ብለው ለዚህ እንግዳ አያቅርቡ። አጃም ቢሆን ከእርሻው ጀምሮ እስከ ወፍጮው ከስንዴ ጋር ስለሚነካካ «ግሉተን ፍሪ» ተብሎ ካልተጻፈበት በቀር አይታመንም።

ዝግጁ ግሬቪ ለመግዛት ካሰቡ

ጊዜ ለሌለው ሰው ዝግጁ ግሬቪ በብልቃጥ፣ በካርቶንና በፓኬት ይገኛል። «ግሉተን ፍሪ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ብቻ ይግዙ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የሆነው ኤፍ.ዲ.ኤ. በሚቆጣጠራቸው ምግቦች ላይ ይህ ጽሑፍ የሚፈቀደው የግሉተኑ መጠን ከሚሊዮን 20 እጅ በታች ሲሆን ነው። «ዊት ፍሪ» የሚለው ግን ስንዴ እንደሌለው ብቻ ስለሚናገር አይበቃም። በ2004 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአለርጂ ሕግ አምራቾች ስንዴን በግልጽ እንዲጽፉ ያስገድዳል፤ ገብስንና ራይን ግን አያካትትም። በዚህም ላይ በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር፣ በዩ.ኤስ.ዲ.ኤ.፣ ቁጥጥር ሥር ያሉትን የሥጋና የዶሮ ምግቦች ሕጉ አይመለከታቸውም። ከዚህ የተነሣ ብቅል፣ ማለትም «ሞልት» የሚለውን፣ የቢራ እርሾንና ምንጩ ያልተነገረ ስታርች ያለበትን የሥጋ ምግብ ማሸጊያውን እያነበቡ ራስዎ መለየት ይኖርብዎታል። አምና ያነበቡትንም ዘንድሮ እንደገና ያንብቡ፤ አምራቾች ቅመማቸውን ይቀይራሉ።

ከሱፐርማርኬት የምግብ መሸጫ በሙቁ የሚቀዳ ግሬቪ፣ እንዲሁም ከምግብ ቤት ከሙሉ የታንክስጊቪንግ ማዕድ ጋር የሚመጣው፣ አብዛኛውን ጊዜ በፉርኖ ዱቄት የተሠራ ነው። የተቀላቀለበትን ዝርዝር በጽሑፍ ካላሳዩዎት ለሴሊያክ እንግዳ አይግዙት። ግሉተን የሌለበት ዝግጁ ግሬቪ በበዓሉ ሳምንት ከመደርደሪያ ቶሎ ስለሚያልቅ ከሁለት ሳምንት በፊት ገዝቶ ማስቀመጥ ይሻላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለመረቁ፦
- የተርኪ ክንፍ ወይም አንገት፣ 4 ፓውንድ (1.8 ኪሎ ያህል)
- 2 ቀይ ሽንኩርት፣ 2 ካሮትና 2 ዘንግ ሰለሪ፣ በትልልቁ የተከተፉ
- 4 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት
- ጥቂት ጦስኝ፣ 1 ቤይ ሊፍ፣ 10 ፍሬ ቁንዶ በርበሬ
- 10 ኩባያ ውሃ (አንዱ ኩባያ 240 ሚሊ ሊትር ነው)

ለማወፈር፦
- 6 የሾርባ ማንኪያ ስብ፣ ከመረቁ ላይ የሚነሣው፤ ካልበቃ በለጋ ቅቤ ይሞላል
- 6 የሾርባ ማንኪያ ስዊት ራይስ ፍላወር፣ በእስያ ሱቆች ሞቺኮ በሚል ስም የሚሸጠው
- 2 የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች፣ ግሬቪው ቢቀጥን ለማስተካከያ
- ጨውና የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ

መሣሪያ፦ የብረት መጥበሻ ትሪ፣ ትልቅ ድስት፣ ሌላ መካከለኛ ድስት፣ አዲስ ወይም ፓስታና ዱቄት ነክቶት የማያውቅ ማጥለያ፣ የሽቦ መምቻ፣ የምግብ ቴርሞሜትር፣ ለግሬቪው ብቻ የሚሆን ጭልፋ።

ስለ ማወፈሪያው ምርጫ ጥቂት ልበል። ስዊት ራይስ ፍላወር ከሚያጣብቀው የሩዝ ዓይነት የተፈጨ ሲሆን፣ ከነስሙ «ግሉቲነስ» ተብሎ ቢጻፍበትም ግሉተን የለበትም። በስብ ሲበስል ከፉርኖ ዱቄት ጋር የሚቀራረብ ልስላሴ ይሰጣል፤ ቀዝቅዞ ሲሞቅም ውሃ አይለይም፤ ስለዚህ አስቀድሞ ለሚሠራ ግሬቪ እሱን አስቀድማለሁ። ኮርን ስታርች በየቤቱ ስለሚገኝ ለቸኮለ ሰው ምቹ ነው። የድንች ስታርች ቶሎ ይወፍራል፤ ረጅም ጊዜ ሲፈላ ግን ይቀጥናል። አሮውሩት የሚባለው ወተትና ክሬም ሲነካው ስለሚዝለገለግ ለዚህ ሥራ አልመርጠውም። የጤፍ ዱቄት ብቻውን ግሬቪውን ያጠቁረዋል፣ ምላስ ላይም ይሻክራል፤ ከ6ቱ ማንኪያ 1ዱን በጤፍ ቢተኩ ግን ደስ የሚል ቡናማ መልክ ይሰጠዋል። የጤፍ ዱቄቱም ስንዴ በሚፈጭበት ወፍጮ የተፈጨ አለመሆኑን ያረጋግጡ። ሽሮን በማወፈሪያነት አይጠቀሙ፤ ቅመሙ የተርኪውን ጣዕም ይሸፍነዋል።

አሠራር

መረቁንና ግሬቪውን ከበዓሉ አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድመው እንዲሠሩ አጥብቄ እመክራለሁ። ምክንያቱ ጊዜ መቆጠብ ብቻ አይደለም፤ ግሬቪዎ በዕለቱ ከሚጠበሰው ተርኪ ነጻ ከሆነ፣ ተርኪው በዳቦ ቢሞላም ሆነ ሌላ ሰው ጠብሶ ቢያመጣው የእንግዳዎ ድርሻ አይነካም።

1. ወጥ ቤቱን ያዘጋጁ። ግሬቪው በሚሠራበት ዕለት ፉርኖ ዱቄት አይክፈቱ፤ የዱቄት ብናኝ አየር ላይ ቆይቶ በየድስቱ ላይ ያርፋል። ድፎ ዳቦ ወይም ፓይ የሚጋግሩ ከሆነ፣ ግሬቪው ተከድኖ ፍሪጅ ከገባ በኋላ ይሁን። ጠረጴዛውንና ምድጃውን በሳሙና ይጠቡ፤ አሮጌ የእንጨት ማማሰያ፣ የተቧጨረ ቴፍሎንና ያገለገለ የሽቦ ማጥለያ ግን ሊጥ በስንጥቃቸውና በቀዳዳቸው ስለሚይዙ፣ ቢታጠቡም ለዚህ ሥራ አያውሏቸው።

2. ክንፉን ይጥበሱ። ኦቨኑን 425 ፋራናይት (220 ሴልሺየስ ያህል) ላይ ያሙቁ። ክንፉን በትሪው ላይ ሳይደራርቡ ደርድረው ለ30 ደቂቃ ይጥበሱ፤ ከዚያ አገላብጠው ሽንኩርቱን፣ ካሮቱንና ሰለሪውን ጨምረው ሌላ 30 ደቂቃ፣ ቆዳው ጥቁር ቡናማ እስኪሆን ያቆዩት። የግሬቪው መልክና ጣዕም በአብዛኛው የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ነጭ ሆኖ ከወጣ ክንፍ የሚገኘው ግሬቪም ነጣ ያለ ይሆናል፤ ያንን በኩብ ወይም በሶያ ሶስ ለማረም መሞከር ደግሞ ግሉተን ማስገባት ሊሆን ይችላል።

3. ትሪውን በሙቅ ውሃ ያላቁ። ክንፉንና አትክልቱን ወደ ትልቁ ድስት ካዛወሩ በኋላ፣ ከ10ሩ ኩባያ 1ዱን አሙቀው ትሪው ላይ ያፍስሱና ሥሩ ላይ የተጣበቀውን ቡናማ ቅሪት እየፋቁ ወደ ድስቱ ይገልብጡት። ቅሪቱ የጠቆረና የሚመር ከሆነ ግን ይተዉት፤ ምሬቱ በሙሉ መረቁ ላይ ይዘረጋል። ማስጠንቀቂያ፦ ትሪዎ የመስታወት ከሆነ በምድጃ እሳት ላይ አያስቀምጡት፣ ትኩስ ሳለም ቀዝቃዛ ውሃ አያፍስሱበት፤ ሊፈነዳ ይችላል።

4. መረቁን በዝግታ ያብስሉ። የቀረውን ውሃ፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ጦስኙን፣ ቤይ ሊፉንና ቁንዶ በርበሬውን ይጨምሩ። ሲፈላ እሳቱን ይቀንሱና አረፋውን እየገፈፉ ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያቆዩት። ላዩ ላይ አልፎ አልፎ አረፋ ብቅ ማለቱ ይበቃል፤ በኃይል ከተንተከተከ ስቡ ከውሃው ጋር ይደባለቅና ደፍራሳና ቅባታም መረቅ ይሆናል። ጨው አሁን አይጨምሩ፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ ጨውነቱ ይጨምራል። ከተርኪው ጋር ከመጣው የሆድ ዕቃ አንገቱንና ልቡን መጨመር ይችላሉ፤ ጉበቱን ግን አይጨምሩ፣ ረጅም ሲፈላ ያመርረዋል። ኩብ ወይም ዝግጁ መረቅ የግድ ከጨመሩ «ግሉተን ፍሪ» የተጻፈበት ይሁን።

5. አጥልለው ያቀዝቅዙት። ቢያንስ 4 ኩባያ ተኩል መረቅ ሊኖርዎት ይገባል፤ ከ5 ኩባያ ከበለጠ ሳይከደን አፍልተው ይቀንሱት፣ ጣዕሙ የሚጠናው ያን ጊዜ ነው። ጠለቅ ያለ ድስት ሙቀት ስለሚይዝ ሰፊና ጎድጎድ ያላለ ዕቃ ላይ ከፋፍለው፣ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ፍሪጅ ያስገቡት። በማግስቱ ስቡ ከላይ ረግቶ ያገኙታል፤ በማንኪያ አንሥተው ያስቀምጡት፣ ለቀጣዩ ደረጃ ያስፈልጋል። ከሥሩ ያለው መረቅ እንደ ጄሊ ረግቶ ቢያዩት አይጣሉት፤ ከአጥንቱ የወጣው ጄላቲን ነው፣ ግሬቪውንም ያሰባዋል።

6. ዱቄቱን በስቡ ያብስሉ። 6 የሾርባ ማንኪያ ስብ በመካከለኛው ድስት፣ በመካከለኛ እሳት ያቅልጡና ስዊት ራይስ ፍላወሩን እየነሰነሱ ይምቱት። መጀመሪያ ጠጠር ብሎ መምቻው ላይ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ላላ ይላል፣ ጥቃቅን አረፋ ያወጣል፣ የጥሬ ዱቄት ሽታው ጠፍቶ የተቆላ ሩዝ መሽተት ይጀምራል። ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ይበቃዋል። ይህን ደረጃ መዝለል ግሬቪውን ዱቄት ዱቄት እንዲል ያደርገዋል፤ እያንዳንዱ የዱቄት ቅንጣት በስብ ካልተሸፈነም መረቁ ሲገባ ይጓጉላል። ንጥር ቅቤ የሚጠቀሙ ካለ፣ ኮሰረቱና ኮረሪማው ጦስኙን እንደሚያጠፋው አስበው ከ1 የሻይ ማንኪያ አይለፉ።

7. መረቁን በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ። መረቁን ለብቻ አሙቀው መጀመሪያ ግማሽ ኩባያ ብቻ ያፍስሱና ልስልስ ያለ ሊጥ እስኪሆን ይምቱ፤ ቀጥሎ ሌላ ግማሽ ኩባያ፣ ከዚያ እየመቱ እስከ 4 ኩባያ ይሙሉት። ከ5 እስከ 8 ደቂቃ በዝግታ ይፍላ። ማንኪያ ነክረው አውጡና ጀርባውን በጣትዎ ይጥረጉ፤ የጣትዎ መንገድ ሳይደፈን ከቆየ ደርሷል። ገበታ ላይ ሲበርድ ስለሚወፍር ከሚፈልጉት ጥቂት ቀጠን ሲል ያውርዱት።

8. በበዓሉ ዕለት ያሙቁት። ከፍሪጅ ሲወጣ ረግቶ ይገኛል፤ ከተረፈው መረቅ ሩብ ኩባያ ጨምረው በዝግተኛ እሳት እየመቱ እስኪፈላ ያሙቁት።

9. የተርኪውን ጭማቂ ለመጨመር ከፈለጉ ሦስት ነገር ያረጋግጡ። አንደኛ፣ ተርኪው ሆድ ውስጥ ስተፊንግ የተባለው የዳቦ ሙሌት አልገባም። ሁለተኛ፣ ተርኪው ውስጥ ፋብሪካው የወጋው የጨው ውሃና ቅመም ግሉተን እንደሌለበት ማሸጊያው ላይ አንብበዋል። ሦስተኛ፣ አንዳንድ ተርኪ ሆዱ ውስጥ የሚያመጣውን የግሬቪ ፓኬት ከመጥበስዎ በፊት አውጥተውታል፤ ያ ፓኬት ስንዴ ሊኖርበት ይችላል፣ ኦቨን ውስጥ ከፈሰሰም ጭማቂው ሁሉ ይበከላል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ጭማቂውን ሌሎች እንግዶች በየሰሐናቸው ያፍስሱት እንጂ ግሬቪው ውስጥ አይግባ። ሦስቱም ከተሟሉ፣ ተርኪው በቴርሞሜትር 165 ፋራናይት (74 ሴልሺየስ) መድረሱን አይተው፣ ጭማቂውን በብርጭቆ መለኪያ ያኑሩት፣ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ስብ በማንኪያ ያንሡ፣ በንጹሑ ማጥለያ አጥልለው 2 የሾርባ ማንኪያ በ2 የሾርባ ማንኪያ እየቀመሱ ይጨምሩ። በጨው ውሃ ውስጥ ያደረ ተርኪ ጭማቂው እጅግ ጨዋማ ስለሆነ በአንድ ጊዜ አይገልብጡት።

10. ጨውና ቁንዶ በርበሬውን አሁን ያስተካክሉ። ጭማቂው ከገባ በኋላ መሆኑ የግድ ነው፤ አስቀድሞ የተጨመረ ጨው ተመልሶ አይወጣም።

11. ገበታውን ያሰናዱ። ግሬቪው የራሱ ዕቃና የራሱ ጭልፋ ይኑረው፤ ከዳቦው፣ ከስተፊንጉና ከእንጀራው ራቅ ይበል፤ ሴሊያክ ያለበት እንግዳም አስቀድሞ ይቅዳ። ጭልፋው ስተፊንግ ያለበት ሰሐን ነክቶ ሲመለስ የሁለት ቀን ጥንቃቄዎ በአንድ ደቂቃ ከንቱ ይሆናል። በአንድ ገበታ ላይ ሁለት ዓይነት ግሬቪ፣ አንዱ በፉርኖ ዱቄት አንዱ ያለ ፉርኖ ዱቄት፣ አይሥሩ፤ መልካቸው አንድ ስለሆነ ጭልፋቸው ይቀያየራል። ለሁሉም እንግዳ ይኸው አንዱ ይበቃል።

ኮርን ስታርች ብቻ ካለዎት

ደረጃ 6ን ይዝለሉና 4 ኩባያ መረቅ ከ2 የሾርባ ማንኪያ ስብ ጋር ያፍሉ። 4 የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች በሲሶ ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጥብጡ፤ በሙቅ ውሃ ከበጠበጡት ላዩ በስሎ ውስጡ ጥሬ የሆነ ጓል ይሆናል። ስታርች ወዲያው ስለሚዘቅጥ ከማፍሰስዎ በፊት እንደገና ያማስሉት፤ ከዚያ በቀጭኑ እያፈሰሱ ይምቱ። ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ ያህል ጠብቀው ያውርዱት፤ ረጅም ማፍላትና በኃይል መምታት መልሶ ያቀጥነዋል።

ለሚጾሙ እንግዶች

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15፣ ማለትም ኖቬምበር 24 ወይም 25 ስለሚገባ፣ ታንክስጊቪንግ ብዙ ዓመት ጾሙ ውስጥ ይውላል። ለሚጾሙት የእንጉዳይ ግሬቪ ይሥሩ፤ እሱም ግሉተን ሳይኖርበት ይወጣል። 1 ፓውንድ እንጉዳይ በስሱ ከትፈው በሰፊ ድስት ላይ ሳይደራርቡ በ3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ውሃው ተንኖ ቡናማ እስኪሆን ይጥበሱ፤ ከተደራረበ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። 1 በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርትና ጦስኝ ጨምረው ያቁላሉ። 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 6 የሾርባ ማንኪያ ስዊት ራይስ ፍላወር ጨምረው ካበሰሉ በኋላ፣ ደረቅ እንጉዳይ የተዘፈዘፈበትን ውሃ ከአትክልት መረቅ ጋር 4 ኩባያ አድርገው በጥቂት በጥቂቱ ያፍስሱ። ለጣዕም ሶያ ሶስ ከመጨመር ይቆጠቡ፤ የተለመደው ሶያ ሶስ በስንዴ ነው የሚሠራው። «ግሉተን ፍሪ» የተጻፈበት ታማሪ የተባለው የሶያ ሶስ ዓይነት ግን ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

ግሬቪው ከጓጎለ በንጹሑ ማጥለያ አጥልለው እንደገና ያሙቁት፤ ሌላ ዱቄት አይጨምሩ። ከቀጠነ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ኮርን ስታርች በ2 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው እየፈላ ያፍስሱና 1 ደቂቃ ይጠብቁ፤ ደረቅ ስታርች በቀጥታ መነስነስ ትርፉ ጓል ነው። ከወፈረ መረቅ እንጂ ውሃ አይጨምሩ። ጨው ከበዛበት ጨው ያልገባበት መረቅ ጨምረው እንደገና ማወፈር እንጂ ድንች ጥሎ ማውጣት እምብዛም አይረዳም። ላዩ ላይ ቅባት ከተንሳፈፈ ስቡ በዝቷል፤ ቆም ብለው በማንኪያ ይግፈፉት።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን በዓይን የማይታየው ስሕተት ነው፦ በመጨረሻው ሰዓት ለማገዝ የመጣ ዘመድ ግሬቪው ቀጠነ ብሎ ፉርኖ ዱቄት ነስንሶበት ይሄዳል። ወጥ ቤት የሚገቡትን ሁሉ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ የዱቄቱንም ዕቃ ከዓይን ያርቁት።

ማስቀመጥና ማሞቅ

የተረፈውን ግሬቪ ከገበታ ከተነሣ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ያስገቡና በ2 ቀን ይጨርሱት፤ ሲያሞቁትም በደንብ ይፍላ። በስዊት ራይስ ፍላወር የተሠራው ፍሪዘር ውስጥ እስከ 3 ወር ይቆያል፤ በኮርን ስታርች የተሠራው ግን ሲቀልጥ ውሃ ስለሚለይ አያስቀምጡት። ገበታ ላይ የዋለውን ከድስት ከቀረው አይደባልቁ፤ ገበታ ላይ የዋለው ፍርፋሪ ነክቶት ሊሆን ይችላል፣ ለሴሊያክ እንግዳዎ የሚሰጡት ድስት ውስጥ የቀረውን ብቻ ነው። ያንን ለብቻው ከድነው፣ ክዳኑ ላይ ቀኑንና «ግሉተን የለበትም» የሚለውን ጽፈው በፍሪጁ ላይኛው መደርደሪያ ያኑሩት።